እጅ የማያገኘው ቀለም

ሰብሊሜሽን የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ሞጣ፣ ፎቶ ቤት በነበረው ወዳጄ ዘንድ ነው። ከፕሪንተሩ የወጣው ወረቀት ድብዝዝ ያለ፣ ዝናብ የመታው ማስታወቂያ የመሰለ ነበር። «ለዚህ ነው ከቢቸና ድረስ ያስመጣኸኝ?» አልኩት። ወረቀቱን ነጭ ቲሸርት ላይ ደፍቶ የጋለውን ሰፊ ብረት አወረደበት። ብረቱን ሲያነሳው ወረቀቱ ላይ የቀረ ቀለም የለም ማለት ይቻላል፤ ቲሸርቱ ላይ ግን አንዲት ሙሽራ ከነጥልፏ፣ ከነከንፈር ቀለሟ ደምቃ ቁጭ ብላለች።

ቀለሙ ሲግል ሳይፈስ በቀጥታ ተን ይሆንና ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ሲበርድም እዚያው ይቀራል አለኝ። ሙሽራዋን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኳት። የሚፋቅ ነገር የለም። ዳሰስኳት። ከተራ ጨርቅ በቀር እጄ ምንም አላገኘም። ቀለም ክር ሲሆን ማየት ለእኔ ተአምር ነበር፣ ዛሬም ነው። ወደ ቢቸና ስመለስ አውቶብሱ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ቢቸና ውስጥ ከታላቅ እህቴ ጋር ፎቶ ቤት ነበረን። ሰው ሁሉ በሞባይሉ ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ ግን፣ ጉርድ ፎቶ ከሚፈልግ ተማሪ በቀር ደጃችንን የሚረግጥ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን ገዛን። በቀለሙ ላይ ግን ተጣላን። እኔ የፋብሪካውን የታሸገ የቀለም ካርትሪጅ ካልሆነ አልኩ። እሷ ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጠውንና ከፕሪንተሩ ጎን ባለው ታንከር የሚሞላውን መረጠች።

«እታለም፣ ርካሽ ቀለም የሰው ፊት ያበላሻል» አልኳት።

«ቀለሙን የሚጨርሰው ማተሙ መሰለህ? መቀመጡ ነው» አለችኝ።

ለካ እውነቷን ነው። ይህ ቀለም ሥራ ፈትቶ ከዋለ ይረጋና የፕሪንተሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያኔ ማሽኑ ቀዳዳውን ለመክፈት ቀለሙን እንዲሁ ይተፋዋል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይተፋል። ያ ሁሉ የሚደፋ ቀለም ዞሮ ዞሮ የቲሸርቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል። በካርትሪጅ ቢሆን ኖሮ ገና ዓመት ሳይሞላን ሱቁን እንዘጋ ነበር። እህቴ ደንበኛ ኖረም አልኖረ፣ ጠዋት ጠዋት እጣን በማጨስ ፈንታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀጭን ባለቀለም መስመር እያተመች ቀኑን ትጀምር ነበር። ያቺ መስመር ሳትቆራረጥ ከወጣች ፊቷ ይፈታል።

የእኔ ድርሻ ፊት ማስተካከል ነበር። ጠርሙሶቹ በደጀን በኩል በአውቶብስ ሲመጡልን፣ አንዱ ጊዜ የመጣው ከሌላው ጊዜ አይገጥምም። የጠይም ሰው ገጽ አንዴ ወደ አረንጓዴ፣ አንዴ ወደ ቀይ ያጋድላል። እጄን ከቁራጭ ጨርቅ ጋር እያስተያየሁ፣ መልኩ የሰው መልክ እስኪሆን እሞክር ነበር። ሲገጥምልኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ጥግ ላይ ሌላ አሮጌ ፕሪንተር ነበረን። እሱ የሚያትመው በተራ ቀለም፣ ላስቲክ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው። ሲተኮስ ላስቲኩ ሥዕሉን ይዞ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ጥጥም ቢሆን ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ሲነካ ይሻክራል፣ ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል። ንቄው ነበር። ደንበኛ ቢጠይቀኝ እንኳ ፊቴን አጠቁርበታለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ዓይነ ስውር እናቷን እየመራች መጣች። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ወንድሟ ሞቶ አርባው ደርሷል። ጓደኞቹ ፎቶው ያለበት ቲሸርት ለብሰው ተዝካሩን ሊያወጡ ፈልገዋል። እናትየው «ለእኔም አንድ አትሙልኝ» አሉ። ያለኝን ችሎታ ሁሉ አፈሰስኩበት። ቲሸርቶቹን ገመድ ላይ ስሰቅላቸው፣ ያ ጠይም ልጅ ከነፈገግታው ከሁሉም ላይ ያየን ጀመር። እህትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቀጥሎ እናትየው ጉልበት ላይ አንዱን አኖርኩላቸው፣ ኮራ ብዬ። የቲሸርቱን ፊት ዳሰሱ። ገልብጠው ጀርባውን ዳሰሱ። እጃቸውን በውስጥ በኩል ሰደው ፈለጉ።

«ልጄ፣ ያልታተመበትን ነው የሰጠኸኝ» አሉ።

«እማዬ፣ አለ እኮ፤ ቁርጥ እሱን ነው» አለች ልጃቸው።

«የታለ?»

ቲሸርቱን በጥንቃቄ አጣጥፈው መለሱልኝ። «በሉ፣ እናንተ እዩት» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው አንጀቴን የበላው። ሞጣ ላይ በጥፍሬ ፍቄ የተደነቅሁበት ነገር፣ እኚህን እናት ልጃቸውን ነፈጋቸው።

ከዚያ ከዘንቢላቸው ኩታ አወጡ። ራሳቸው ፈትለው ያሠሩለት፣ እሑድ እሑድ የሚለብሰው ነበር። «ከቻልክ እዚህ ላይ አድርግልኝ። ይህን አውቀዋለሁ» አሉ። እኔ ሰብሊሜሽን ፖሊስተር እንጂ ጥጥ አይዝለትም ብዬ ማስረዳት ስጀምር፣ እህቴ እግሬን ረገጠችኝና ወደ አሮጌው ፕሪንተር ሄደች።

ፊቱን ብቻ ላስቲክ ባለው ወረቀት አተመችው። በመቀስ ጆሮውን፣ አገጩን፣ የፀጉሩን ዳር ተከትላ ቆረጠችው። እኔ ቅንድቡንና ከንፈሩን ከሌላ ወረቀት ለብቻ ቆርጬ ደረብኩበት። ስንተኩሰው መልኩ ደብዛዛ፣ ዳሩ ጎርበጥ ያለ ሆነ። በዓይን ለሚያየው ከሠራናቸው ሁሉ አስቀያሚው ነው።

እናትየው ጣታቸውን ከግንባሩ ጀመሩ። ቅንድቡ ላይ ቆዩ። በጆሮው ዞረው ወደ አገጩ ወረዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ፎቶ እንደዚያ ሲታይ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ኩታውን አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ ገና ከብረቱ ሥር መውጣቱ ነበር።

«ይሞቃል» አሉ።

ላስቲኩ ካልበረደ ሊበላሽ ስለሚችል እህቴ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። ያዝኳት። እስኪበርድ ድረስ ከጉንጫቸው አላነሱትም።

በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ሥዕሉ ተሰነጣጥቆ ስለነበር እንደገና እናትምላቸው አልን። እምቢ አሉ።

«ህትመቱ ይቅር፤ አሙቁልኝ ብቻ» አሉ።

በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። የቀለም ጠብታ የምትቆጥረው እህቴ፣ ለሌላ ሥራ የጋለ ብረት ቢኖር እንኳ ሥራውን አቁማ ኩታውን ታስቀድማለች። ወረቀት ደርበን ለአፍታ እንተኩሰዋለን። እናትየው ጉንጫቸው ላይ ይዘውት፣ ልጃቸው እየመራቻቸው ይሄዳሉ።