ለአንድ ደርሶ መልስ የሚበቃ ሽምግልና

አዳማ፣ ጎህ ሲቀድ

የእህቴ ልጅ ደረጀ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሻሸመኔ የምንሄደው ለእሱው ሚስት ልንጠይቅ ነው፤ እኔ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉና ጋሽ ታደሰ። ሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ጭኖ ሲሄድ የት ይታያል? ምን ይደረግ፣ ነዳጅ አይቀመስም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ያገኘው ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬውኑ እሺ ካላሏችሁ ዳግመኛ አንሄድም" ይለኛል።

በወጉ ደግሞ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "እስቲ እንምከርበት፣ ተመለሱ" ይላል። ጭንቃችን ይኸው ነው።

ሞጆን አልፈን

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ሞተር አጥፍቷል።

"ፍሬኑስ?" አልኩት።

"ይይዛል፣ ጋሼ። ጠንከር አድርጎ መርገጥ ብቻ ነው።"

"ለሠርግ ወጥተን ለተዝካር እንዳንደርስ" አሉ ጋሽ ታደሰ። ኦቦ ቱሉ መስኮት ሊከፍቱ ሲሉ ነፋስ ነዳጅ ያስበላል ተብለው ተከለከሉ። በጋቢያችን ውስጥ ላብ አጠመቀን።

መቂ

እዚህ ደግሞ ሽንኩርት ጫነ።

"ጭነት ነዳጅ አይበላም?"

"ይበላል፤ ግን የሚከፍለው ነጋዴው ነው።"

የተከበርነው ሽማግሌዎች ጆንያ ላይ እግራችንን ሰቅለን ላንጋኖን አለፍን። ሐይቁን ያየ የለም።

ሻሸመኔ፣ ከቀትር በኋላ

ሽንኩርቱን ገበያ አራግፈን፣ ሽታውን ይዘን ገባን። ደረጀ ውጭ ቀረ። አባትየው ኦቦ ገመዳ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን።

"መልካም። እንግዲህ እኛም እንምከርበትና..." ማለት ጀመሩ።

ኦቦ ቱሉ አላስጨረሷቸውም። "ወንድሜ፣ ለመመለሻ እንጂ ዳግም ለመምጫ ነዳጅ የለንም።"

ኦቦ ገመዳ በመስኮት ሚኒባሱን አዩት። "ቁልቁለት ላይ ሞተር ያጠፋል?"

ሦስታችን ተያየን። ሽማግሌ አይዋሽም ይባላል፤ ምነው ዛሬ ባልተባለ።

"ያጠፋል" አልኩ።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጠባሳ አሳዩን። "እኔም አጠፋ ነበር። አንድ ቀን ፍሬን እምቢ አለኝ።" ሱሪያቸውን መልሰው አወረዱ። "ተመለሱ ብዬ ደግሞ በዚያ ቁልቁለት ላምጣችሁ? ልጄን ሰጥቻለሁ። ብቻ፣ ሁለተኛ እንዳያጠፋ።"

መልስ

የአባትየውን ቃል ለደረጀ ነገርነው። ከነገሌ ቁልቁል ስንወርድ የደረጀ እጅ ወደ ቁልፉ ሄዶ ተመለሰ። ሞተሩ እያጉረመረመ ወረድን።

አዳማ መግቢያ ላይ ነዳጁ አለቀ። ጋቢያችንን አደግድገን ወረድንና ገፋን። ከማንም አፍ ክፉ ቃል አልወጣም።