ፊት እንዲታይ፣ ፊት እንዳይታይ

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ፎቶ ቤት ነበረን። ፎቶ ቤት ስል ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ማለቴ ነው። ባለቤቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው ያደገው። እዚያ ከአንድ ግሪክ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሮ ሥራውን ተማረ። ግሪኩ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት እግር ያለውን የእንጨት ካሜራ ለእሱ ተወለት፤ እሱም ካሜራውን በግመል ጭኖ የድንበሩን ወንዝ ወደ መተማ ተሻገረ። እኔ ከጭልጋ በኩል የወረድኩ የደገኛ ልጅ ነኝ። ቆላውን የለመድኩት በግዴ ነው።

መብራት አልነበረንም። የነበረችን ፀሐይ ብቻ ናት። መተማ ላይ ደግሞ ብርሃን ምን ያንሳል ይባል ይሆናል። ችግራችን መብዛቱ ነበር። ሰው ደጅ ቆሞ ከተነሳ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቅንድቡና አፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፤ ነጭ ልብሱ ነዶ ይወጣል፤ ፊቱ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቴ በሰሜን በኩል ካለው ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ነቀለና በቦታው አቡጀዲ ወጠረ። በዚያ በኩል ፀሐይዋ በቀጥታ አትገባም። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ለስልሶ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ግን ፀሐይ ወደዚያ ጎን ስለምታዘነብል አቡጀዲውን ደራርበን እንወጥር ነበር። ሐቡብ በተነሳ ቁጥር፣ ያ ቀዩ አቧራ፣ ጨርቁ ሸክላ ይመስላል፤ አውርጄ አጥበዋለሁ።

እኔ ሥራው ውስጥ የገባሁት በነጋዴዎቹ ሚስቶች ምክንያት ነው። እስላሞቹ ነጋዴዎች ሚስቶቻቸው ፎቶ እንዲነሱ ይወዳሉ፤ ባዕድ ወንድ ፊት ተገልጠው እንዲቀመጡ ግን አይወዱም። ባለቤቴ ካሜራውን አስተካክሎ፣ ብርሃኑን አበጅቶ ይወጣል። እኔ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ አያለሁ፣ የሌንሱን ክዳን ከፍቼ እዘጋለሁ። መጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር። እያደር ግን ሴቶቹ ወንበራቸውን ትንሽ ሲያዞሩ፣ አንገታቸውን ሲያቀኑ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዴት እንደሚሄድ አየሁ። እሱ ከወጣ በኋላ ያበጀውን አፈርስ ጀመር።

ግሪኩ ያስተማረው ፊትን ዱቄት ቀብቶ ማንሳት ነበር። ፎቶው ሲታጠብ ሰዎቹ ከወፍጮ ቤት የወጡ ይመስላሉ።

"ዱቄቱን ተወው" አልኩት አንድ ቀን። "በቁማቸው አመድ አለበስናቸው።"

"ካለዱቄት የጥቁር ሰው ፊት አይወጣም። ግሪኩ እንዲህ ነው ያለኝ።"

"ይወጣል። ነጠላው ነው ብርሃኑን የሚሻማው። ነጠላውን አጨልመው፣ ፊቱን ተወው።"

ሳቀብኝ፤ ግን አልከለከለኝም። ከወጠርነው አቡጀዲ ወረድ አድርጌ አንድ ጥቁር ጨርቅ በዘንግ ሰቀልኩ፤ ጥላው ከአንገት በታች፣ ልብሱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ፊትን በጎን ወደ ብርሃኑ መለስኩ። በሌላው ጉንጭ በኩል የጋዝ ጣሳ ቀድጄ፣ ዘርግቼ አቆምኩ። ጣሳው ዓይን የሚወጋ ነጸብራቅ ስለመለሰ ኖራ ቀባሁት፤ ያኔ ለዘብ አለ። በበሩ በኩል ከግቢው መሬት እየነጠረ የሚገባ ብርሃን ደግሞ አገጭን ከሥር እያበራ ሰውን ሁሉ ጭራቅ ያስመስል ነበር፤ ደጃፉ ላይ የሰሊጥ ጆንያ አነጠፍኩ። በዱቄቱ ፈንታ ጉንጭና ግንባር ላይ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት አስነካሁ። ብርሃኑ ዘይቱ ላይ ሲያርፍ የጉንጩ አጥንት፣ የከንፈሩ ጠርዝ፣ ሁሉም ተለይቶ ወጣ።

የመጀመሪያዋን ፎቶ በእንስራ ውኃ አጥበን ስናወጣ ባለቤቴ ወደ ደጅ ይዟት ሄደ፤ ቆሞ አያት። ተመልሶ መጣና "ዱቄቱን ጣይው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃን ማበጀት የእኔ ሥራ ሆነ፤ ማጠቡና ማተሙ የእሱ። የአንድ ክርስቲያን ጨርቅ ነጋዴ ሚስት ያነሳኋትን፣ ባሏ ፈቅዶ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀልናት። ሽፋሽፍቷ እንኳ ይቆጠር ነበር።

ከጦር ሰፈሩ አንድ ጣሊያን መኮንን ይመጣብን ነበር። ትሪፖሊ ኖሮ ስለነበር ዓረብኛ ይችላል፤ ከባለቤቴ ጋር በዚያው ይግባባሉ። ራሱን ደጋግሞ አስነስቷል። አንድ ጠዋት ከኪሱ ከአስመራ የመጣ ፖስት ካርድ አወጣ። ካርዱ ላይ አንዲት ሴት እስከ ወገቧ ተራቁታ፣ እንስራ በትከሻዋ ይዛ ቆማለች። "እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ" አለ። ከኋላው የጦር ሰፈሩ ልብስ አጣቢ ቆማ ነበር። አውቃታለሁ፤ የሽንፋ ሰው ናት፤ እኩያዬ ናት፤ ባሏ በወባ ሞቶባታል። ወንዝ ስንወርድ እየተጫወትን ነበር የምናጥበው። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ባለቤቴ ወደ ጓሮው በር ጠጋ አድርጎኝ "ምን ልበለው?" አለኝ።

"እምቢ በለው።"

"እምቢ ካልኩት ሌላ ቦታ ይወስዳታል። ቤታችንንም ይዘጋብናል።"

"እንግዲያው ከውጭ ይቆይ። ነጭ ልብስህ ብርሃን እየመለሰ ያበላሽብናል በለው።"

ይህ ውሸት አልነበረም። እሱን ስናነሳ ያ ነጭ የደንብ ልብስ ምን ያህል እንዳስቸገረን መኮንኑ ራሱ ያውቃል። ባለቤቴ ነገረው፤ አጉረመረመና ደጃችን ካለው ግራር ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ባለቤቴም አብሮት ወጣ። በሩን ዘጋሁ።

"ላውልቅ?" አለችኝ። እጇ ነጠላዋ ላይ ነው።

"አታወልቂም።"

"ካላወለቅሁ ይገድለኛል እኮ።"

"ያወለቅሽ ይመስላል። ፊትሽ ግን አይታይም። አንቺ መሆንሽን የሚያውቅ አይኖርም።"

አላመነችኝም፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ነጠላዋን ከብብቷ ሥር አድርጌ ገላዋ ላይ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ከዚያ በተለምዶ የማደርገውን ሁሉ ገለበጥኩ። የጣሪያውን ብርሃን በብርድ ልብስ ዘጋሁ፤ ኖራ የቀባሁትን ጣሳ አነሳሁ፤ ወደ ጓሮ የሚወጣውን በር ከፍቼ አንድ አቡጀዲ ሰቀልኩበት። ጓሮው በጠዋቱ ፀሐይ ይነዳል፤ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አበራ። እሷን ከፊቱ በጎን አቆምኳት። ካሜራው ውስጥ ሳይ ያለችው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ናት፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ክንድ።

"እንስራ የያዝሽ ይመስል ክንድሽን አንሺ። ትንፋሽሽንም ያዢ።"

ክንዷን አነሳች። "እናቴ ሽንፋ ናት" አለች ወደ ግድግዳው እያየች። "ገበያ ላይ አንዱ ይህን ወረቀት አውጥቶ ቢያሳያት..." ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁ።

መኮንኑ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ሊወስድ ተመለሰ። እሷም የታጠበ ልብሱን ተሸክማ ተከትላው መጥታ በር ላይ ቆመች። ፎቶውን በእጁ ይዞ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ አደረገው።

"ፊቷ የታለ?"

"ጌታዬ" አለ ባለቤቴ፣ "የኛ ፊት በዚህ ብርሃን አይወጣም። አስመራ ኤሌክትሪክ አለ። እኛ ያለን የጣሪያ ቀዳዳ ነው።"

መኮንኑ ሊያምነው ነበር። ራሱን ነቀነቀ። የጥቁር ፊት ፎቶ ላይ አይወጣም ሲባል ሳይሰማ አልቀረም፤ ግሪኩም ያለው እኮ ይህንኑ ነው። ከዚያ ሊወጣ ዞር ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ቁልቁል ታየዋለች። ቀረበና በጣቱ ነካት።

"ይቺስ?"

መኮንኑ አልጮኸም። ጥቁሩን ፎቶ ለአራት ቀደደና መሬት ላይ ጣለው። "ነገ ካሜራውን ይዘህ ሰፈር ትመጣለህ" አለው። "ሞተር አለ፤ መብራት አለ። ይቺንም ሴትዮ ታመጣለህ" አለ በር ላይ ወደቆመችው እያመለከተ። ወጣ። የታጠበውን ልብስ ከእጇ ነጥቋት ነው የሄደው።

እሷ ዓረብኛ አትሰማም። ባለቤቴ የተባለውን ነገራት። ተቀምጣ ሰማች፤ አላለቀሰችም።

"ዛሬ ጨው ጭነው ወደ ሽንፋ የሚወጡ አሉ" አላት ባለቤቴ። "ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። አሁኑኑ ሂጂ።"

"እናንተስ?"

"እኛ የትም አንሄድም። ቤታችን እዚህ ነው።"

ነጠላዋ ወንዝ ላይ ሁሉ የሚያውቃት ስለነበረች የእኔን ሰጠኋትና የእሷን ወሰድኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአህዮቹ ጋር ወጣች።

በማግስቱ ባለቤቴ ካሜራውን ተሸክሞ ብቻውን ሄደ። እንዳይሄድ ለመንኩት። "ካልሄድኩ እዚህ ይመጣሉ፤ አንቺ ነሽ ያለሽው" አለኝ። ሴትዮዋ የት እንደገባች አላውቅም ብሎ ነገራቸው። አሰሩት። ስንቅ ይዤ ሰፈሩ በር ድረስ እየሄድኩ ዘበኛው ይቀበለኛል፤ ደርሶት እንደሆነ አላውቅም። ሲፈቱት እግሩ ደህና ነበር፣ እጁ ደህና ነበር። ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ስናገር ዝም አለኝ። የተቀየመኝ መሰለኝ። ቆይቼ ነው በግራ ጆሮው እንደማይሰማ ያወቅሁት። በጥፊ ደጋግመውታል። ያ ጆሮ ከዚያ በኋላ ሰምቶ አያውቅም፤ እስኪሞት ድረስ በቀኙ በኩል ነበር የምቀመጠው።

ካሜራውን አልመለሱልንም። ባለቤቴ አንድ የሙጫ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ሙጫ ይመርጣል፣ ያስራል። እኔ ጠላ ጠመቅኩ። ክፍሏ ባዶ ቀረች። አንዳንዴ የሆነ ነገር ፈልጌ ስገባ በአቡጀዲው የሚወርደው ብርሃን ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቆሜ አየዋለሁ፤ የጠላው ጋን ትዝ ሲለኝ እወጣለሁ። መኮንኑ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ እንግሊዝና ጣሊያን ተጣሉ፤ ወንዙ በመሀላቸው ነበር። ከማዶ፣ እንግሊዞቹ ካሉበት ከገላባት በኩል መድፍ ሲተኮስ ሰው ሁሉ ወደ ጫካው ወጣ፤ እኛም ወጣን። ጣሊያኖቹ ለቅቀው ሄዱ ሲባል ተመለስን። ጣሪያችን በፍንጣሪ ወንፊት ሆኗል። ባለቤቴ ቤቱን እንኳ በቅጡ ሳያይ ወደ ጦር ሰፈሩ ሮጠ። ካሜራውን ከተሰባበሩ ሳጥኖች ሥር አገኘው። እንደ ወናፍ የሚተጣጠፈውን ቆዳውን አይጥ በልቶታል፤ ሌንሱ ግን ደህና ነበር። በፍየል ቆዳ አዲስ ሠራለት። ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጨርቅና በሙጫ ደፈንን፤ ሳንደፍናት የቀረች እያንዳንዷ ቀዳዳ ሰው ፊት ላይ ሳንቲም የምታክል ነጭ ነጥብ ትጥል ነበር።

ሥራ በጀመርን ሰሞን ያቺ ልብስ አጣቢ መጣች። ወፍራለች። እናቷን ይዛለች፤ አሮጊቷ ሽንፋን ለቅቀው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ባለቤቴን ሳመችው። በግራው በኩል ሆና ስታናግረው ዝም ሲላት እኔን አየችኝ። ነገርኳት። ዞራ በቀኙ በኩል ቆመችና የምትለውን እንደገና አለችው። ምን እንዳለችው እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

"ከእናቴ ጋር አንሺኝ" አለችኝ በኋላ።

አሮጊቷን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እሷን ከጎናቸው አቆምኳት። የሁለቱም ነጠላ አዲስ ነው፣ ያበራል፤ ጥቁሩን ጨርቅ ዝቅ አደረግሁ። አሮጊቷ የዓይናቸው ጉድጓድ ጥልቅ ስለሆነ ብርሃን አይደርሰውም፤ ጣሳውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጋሁ። ያን ሳደርግ የልጃቸው አገጭ ከሥር በራ፤ መልሼ አራቅሁት። እንደገና አስጠጋሁ።

"ምንድን ነው የምትጎትቺው?" አሉኝ አሮጊቷ። "አንስተሽ አትገላግይንም?"

"እማዬ፣ ዝም በይ። ብርሃን እያበጀች ነው።"

"ብርሃንማ ደጅ ሞልቷል።"

ባለቤቴ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ካለፈ በኋላ ፊቷ ላይ የቀረው ነገር ጥሩ ነበርና ያን ጊዜ አነሳኋቸው። ፎቶው ታጥቦ እስኪደርቅ ምሳ በላን። አሮጊቷ ፎቶውን ወደ በሩ ይዘው ብዙ አዩት፤ የሽንፋ ዘመዶቻቸው ሠርግ እንዳልተጠራ ሰው እንዳይቀየሙ ብለው መሰል፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይታተም አሉ። የወረቀት እጥረት ስለነበር ሁለት ብቻ አተምንላቸው። ከዚያ በኋላ እሷ ለገበያ መተማ በወረደች ቁጥር የምታድረው እኛ ቤት ነበር፤ ሰሊጥ ታመጣልን ነበር፤ በአውድማ ሰሞን እንደገና ስታገባም ከባለቤቴ ጋር ካሜራውን በአህያ ጭነን ሽንፋ ወጥተን ሙሽሮቹን አንስተናል።