በአጥር ላይ የተወረወረ ቅጠል

ልብስ ሰፊው ንጽሕና የሚወድ ሰው ነበር። ጓሮውን በየማለዳው ይጠርጋል፤ ከቲማቲሙ ሥር አንዲት ደረቅ ቅጠል አያሳድርም። ለአረጋዊት እናቱ ቲማቲም ማቅረብም ለብዙ ዓመታት የእርሱ ክብር ነበር።

በዚያ በጋ የቧንቧ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይመጣ ጀመር። የእርሱ ተክል ሲጠወልግ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የታናሽ እህቱ ጓሮ ለመለመ። እናቱም፣ “ዘንድሮስ የእሷ ይጣፍጣል” አሉት፤ ቃላቸው እንደ መርፌ ወጋው። ከዚያ ወዲህ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ የጠረገውን ቅጠል ሁሉ በቅናት ወደ እህቱ ጓሮ ይወረውር ነበር።

አንድ ማለዳ ግን ሆዱ አልችል ብሎት በሯን አንኳኳ።

“አንቺ፣ ውኃውን ከየት ነው የምትሰርቂው?”

“ወንድም ጋሼ፣ ገና በጠዋቱ ሌባ አደረግኸኝ?” ብላ ሳቀች። “የማጠጣው አትክልት ያጠብኩበትን ነው። እርጥበቱን የሚይዝልኝ ደግሞ ያንተ ቅጠል ነው።”

ወደ ጓሮዋ ወስዳው ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጠቁሮ ርሷል።

“አሳቢ ወንድም አለኝ እያልኩ ለእማዬ ስነግራት ነው የከረምኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

ልብስ ሰፊው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ እንደ ልማዱ ጠርጎ፣ ክምሩን ታቅፎ አጥሩ ሥር ቆመ። ለራሱ ቢያስቀረው እናቱ የሰሙት ደግነቱ ሊቀር ነው፤ ቢወረውረው የእህቱ ቲማቲም ሊያፈራ ነው። ብዙ ካሰበ በኋላ ለሁለት ከፈለው፤ የእህቱን ድርሻ ግን አሳነሰው።