ከዱቄት የተሠራ ሽንጥ

ሰፈርተኛው ጋሽ ሽንጥ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ቆራጭ ነበር፤ ደንበኛ ገብቶ "ምን ይሻለኛል?" ካለው መልሱ አንድ ነው። "ሽንጥ ውሰድ፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ።" ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ባሏ ከሱቅ ሲመጣ ገና ከሩቅ ትጮኽበታለች።

"ነጭ ልብስ አለ! በጓሮ ዙር!"

እሱም ደም የነካውን ሽርጡን ጠቅልሎ፣ እየሳቀ በጓሮ ይዞራል። እንዲህ እየተባባሉ አረጁ።

ልቡን ያመመው እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ቢላዋ በእጁ እንደያዘ ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሥጋ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ አስጠነቀቀው። ሱቁ ተሸጠ። ጋሽ ሽንጥ ቤት ዋለ፤ ቤት መዋሉን እንደ ምንም ቻለው፣ ምግቡን ግን አልቻለም። ሩዝና ጎመን ስታቀርብለት በሹካው ወዲያ ወዲህ ያደርግና ሳህኑን ይገፋዋል።

"እኔ በግ ነኝ እንዴ፣ ቅጠል የምታበይኝ?"

"በግ እንኳ ሲበላ ይወፍራል።"

ቀልዱ አላዳነውም። ልብስ ሰፊዋ ሱሪዎቹን ከወገባቸው አጠበበች፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና አጠበበች። ጨርቁን በመኪናው መርፌ ሥር ስታሳልፍ ሰውየው ራሱ ከእጇ እያለቀ መሰላት። ካልበላ እንደሚሞትባት ገባት።

መፍትሔ ይዛ የመጣችው ልጃቸው ናት። እሁድ እሁድ ነው የምትጠይቃቸው፤ አንድ እሁድ አንድ ከረጢት የሶያ ሥጋ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ቀቀለችው፤ በሽንኩርትና በቲማቲም አንተክትካ አቀረበችው። ጋሽ ሽንጥ አንዱን ቁራጭ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ውሃው ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

"ይሄ ደግሞ ከየት የተቆረጠ ነው?" አለ።

"ከሽንጥ" አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ቀና ብሎ አያት። "አንቺ ሴት፣ የሰፋሽውን ትራስ ነው እንዴ የቀቀልሽልኝ?"

ልጃቸው እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ጎረሰ፤ ትራሱን እየረገመ ሳህኑን አጸዳው።

ጨዋታው በዚህ ተጀመረ። እሷ ትሠራለች፣ እሱ በጣቱ ይጫናል፣ "ከየት የተቆረጠ ነው?" ይላል፣ እሷ ትዋሻለች፣ እሱ ይፈርዳል። ሲፈርድ ደግሞ ያስተምራታል። ሶያውን ከቀቀለች በኋላ በጨርቅ ጠቅልላ እንድትጨምቀው፣ እንጉዳይ ስትጨምር በቢላ ሳይሆን በእጇ እንድትቀደው፣ መጥበሻው ሳይግል ምንም እንዳትጨምርበት።

"ሥጋ ድር አለው" አላት አንድ ቀን። "ድሩን አቋርጠሽ ካልቆረጥሽው ጥርስ ያስቸግራል። ያንቺ ይሄ ነገር ግን ድር የለውም።"

"ድርማ ለኔ ተወው!"

የዱቄቱን ሥራ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። የስንዴ ዱቄት አጥብቃ ታቦካለች፤ ሊጡን ካሳረፈች በኋላ ውሃ ውስጥ እያሸች ታጥበዋለች። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ትደፋዋለች፤ ደግማ ታጥባለች። በመጨረሻ እጇ ላይ የሚቀረው የማይበጠስ፣ የሚሳብ ነገር ነው። እሱን እየሳበች እንደ ክር ታከረዋለች፤ እጥፍ አድርጋ ትጎነጉነዋለች፤ ከዚያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእንጉዳይ መረቅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ለቀለሙ ትንሽ የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ ታደርግበታለች። ሲቀዘቅዝ በስሱ ቆርጣ ትጠብሰዋለች።

"ቀለሙ ደህና ነው" ይላል ጋሽ ሽንጥ። "ሲጫኑት ግን እንደ ጎማ ይነጥራል።"

"ፍሪምባ ነው ብልህስ?"

"ፍሪምባ ይሄን ቢሰማ ፍርድ ቤት ያቆምሻል።"

"ግድ የለህም፣ አንድ ቀን አታልልሃለሁ። ምን አለች በለኝ!"

"እኔን? እኔን ያታለልሽ ቀን ሰው አይደለሁም፤ ቅበሪኝ።"

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ መንገዱን። የተሸጠውን ሱቅ ሊከፍት ሄዶ፣ አሁን ጫማ የሚሸጥበትን ሰውዬ "ከሱቄ ውጣ" ሲለው ጎረቤት አግባብቶ መለሰው። ልጁን "እህቴ" ብሎ የጠራት ቀን ልጅቷ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ነበረው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ስሙን ከአፏ ማውጣት አልወደደችም። "ይረሳል" ብቻ ትላለች ሰው ሲጠይቃት።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን አውራ ጣቱ ወደ ሳህኑ ይሄዳል፣ ጥያቄውም ይመጣል። ከየት የተቆረጠ ነው? ይህን በሰማች ቁጥር ትንፋሿ ይመለሳል። ሌላው ሁሉ ቢሄድ እንኳ ይህ ይቅርልኝ ትላለች በሆዷ።

አንድ እሁድ፣ ልጃቸው ባለችበት፣ ሥራው ከምንጊዜውም በላይ ሠመረላት። ጉንጉኑ እሳቱ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፤ ሲቆረጥ ድሩ አንድ በአንድ ታየ። ጋሽ ሽንጥ ቆርጦ ጎረሰ። አኘከ። እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች።

"ሽንጥ ነው" አለ። "ጥሩ ሽንጥ።"

"እማዬ! አታለልሽው!" ልጅቷ አጨበጨበች።

"ምን አልኩህ!" ልብስ ሰፊዋ እንደ ልጃገረድ ዘለለች። "ዱቄት ነው እኮ! ዱቄት በላህ!"

ጋሽ ሽንጥ አንዷን ካንዷ እያፈራረቀ አያቸው። ከዚያ፣ ሰው ቤት የተጋበዘ እንግዳ እንደሚያደርገው፣ ፈገግ አለላቸው።

"ሥጋ ቆራጩ ማነው? እጁ ይባረክ። እዚህ አካባቢ እንዲህ የሚያውቅበት ሰው መኖሩን አልሰማሁም ነበር።"

የልጅቷ እጆች እንደተጋጠሙ ቀሩ።

"አለ" አለችው ልብስ ሰፊዋ። "እዚሁ ሰፈር ነው።"

"ሰላም ይበሉልኝ።"

ይበሉልኝ አላት። ካወቃት ጀምሮ "አንቺ" ሲላት የኖረ፣ "አንቺ ሴት" ሲላት የኖረ ሰው።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧውንም ከፈተች። ልጅቷ ተከትላት ስትመጣ "ውሃ እየቀዳሁ ነው" አለቻት። ከቧንቧው ሥር ዕቃ አልነበረም።

በማግስቱ ሆን ብላ አበላሸችው። ሶያውን ሳትጨምቅ፣ ሽንኩርቱን ሳታቁላላ፣ ቅመም ሳትነካ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ትራስ አድርጋ አቀረበችለት። እስቲ ይርገመው፣ እስቲ ሳህኑን ይግፋው ብላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ውሃው ሳህኑ ላይ ተንጣለለ። እሱ ግን አንዱንም ሳያስቀር በላ።

"ከየት የተቆረጠ ነው ብለህ አትጠይቀኝም?" አለችው።

ደነገጠ። "መጠየቅ ነበረብኝ?"

"ኧረ የለም። የለም፣ ብላ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ስለኔ ብዙ ደከሙ።"

አሁን ያቀረበችለትን ሁሉ ይበላል። ፊቱ ሞላ፤ ልብስ ሰፊዋም ያጠበበቻቸውን ሱሪዎች ስፌታቸውን ፈትታ መልሳ አሰፋች። ዱቄቱን አሁንም ታጥባለች፣ ታከራለች፣ ትጎነጉናለች። ሳህኑን ካስቀመጠች በኋላ የላይኛውን ቁራጭ በራሷ አውራ ጣት ጫን ታደርገዋለች።

"ይሄ ደግሞ ከየት የተቆረጠ ነው?" ትለዋለች።

ጋሽ ሽንጥ ቁራጩን ያያል፤ እሷን ያያል፤ ያፍራል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" ይላታል። "እኔ ስለ ሥጋ ብዙም አላውቅም።"

"ከሽንጥ ነው። ብላ፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ።"

በኋላ አይልም። እዚያው፣ ከመጉረሱ በፊት፣ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናታል።