ሦስት ቦታ የተከፈለው ልብወለድ

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረው የእንግሊዝ ልብወለድ ሳስተምር አስቀድሜ የማስረዳው ነገር አለ። ያኔ አንድ ልብወለድ ብዙ ጊዜ በሦስት ጥራዝ ተከፍሎ ይታተም ነበር። መጽሐፍ ውድ ስለነበረ አንባቢው ይከራያል እንጂ አይገዛም፤ አንዱ የመጀመሪያውን ጥራዝ ሲያነብ ሌላው ሁለተኛውን ይወስዳል። የተማሩት ሰዎች ደግሞ ልብወለድ እንደ ጎርፍ አጥለቀለቀን እያሉ ይጨነቁ ነበር።

"ቀጣዩ ጥራዝ ከጠፋ ሌላ መጽሐፍ አይጀምሩም?" አለችኝ አንዷ ተማሪዬ። ስልኳ ላይ በየቀኑ አዲስ ልብወለድ ይመጣላታል፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ አታውቅም።

እኔ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ በርበሬና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ሱቅ ነበረች፤ ከጀርባ ደግሞ የአማርኛ ልብወለድ ይከራይባታል። ባለሱቋ ወፋፍራሞቹን መጻሕፍት በቢላዋ ሦስት ቦታ ከፍላ ካርቶን ታለብሳቸዋለች። አንዱ መጽሐፍ ለሦስት ሰው ይደርሳል።

እናቴ አንድ የፍቅር ታሪክ ጀምራ ሁለተኛውን ክፍል እንደጨረሰች ሦስተኛው ጠፋ። ልጅቷ ማንን እንደምታገባ ሳታውቅ ሳምንታት አለፉ። ከሥራ ስትወጣ ሱቋን ሳንረግጥ ሀያትስቪል ወዳለው ቤታችን አንገባም። ሁለተኛውንም "ሦስተኛው እስኪገኝ ደግሜ ላንብበው" ብላ አልመለሰችም።

አንድ ቅዳሜ ሱቋ ውስጥ፣ እዚያው አቅራቢያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። በየስብሰባው "ጸሐፊው ከአንባቢው በዛ! ይሄ ሁሉ ልብወለድ ለምን ይታተማል?" እያሉ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን የሚቆጡት ባለሱቋን ነበር።

"ሁለተኛው ክፍል የት ገባ? ስንቴ ልመላለስ?"

"ጋሼ፣ እርስዎስ ሦስተኛውን መቼ ነው የሚመልሱልኝ?"

"ሁለተኛውን ሳላነብ? ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ እኮ ነው የያዝኩት!"

እናቴ ሁለተኛውን ክፍል ከቦርሳዋ አወጣች። "እርስዎ ነዎት ለካ ያገቱኝ!"

"አንቺም አግተሽኛል" አሉ፣ ሦስተኛውን ከካፖርታቸው ኪስ እየመዘዙ።

"ልብወለድ በዛ ይሉ አልነበር?"

"በዝቷል! ይሄ ግን አንድ ነው። ለመሆኑ ልጅቷ የምትወደው ልጅ ከእስር ይፈታል?"

"አልነግርዎትም።"

"ኧረ በናትሽ!"

እናቴ መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ሦስተኛውን ማንበብ ጀመረች። ራበኝ ብላት "ትንሽ ነው የቀረኝ" አለች። በኋላ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ሳቀች።

"ልጁን አገባችው!" አለችኝ፣ አንድም ገጽ ላላነበብኩት ለእኔ።