ከኮርቻ ወርዶ መጠየቅ

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለማሳስት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ያቆምኩ ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ልጅ ሳለሁ የምኖረው መካነ ሰላም ዳር፣ በእናቴ አባት ቤት ነበር። አባባ የምላቸው እኒህ አያቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ከከላላ በኩል በበቅሎ ገበያ የሚመጡ ሰዎች የተቀደደ ኮርቻቸውን እርሳቸው ዘንድ ያስቀምጡና ይሄዳሉ፤ አባባም ከመግሪብ ሶላት በኋላ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይጠግኑታል። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ኩራዝ እናበራለን። ያኔ ቤቱ ቆዳና ሰም ይሸት ነበር። የኩራዙ ጭስ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ጠፍር መሃል ሾልኮ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ የአባባ ወስፌ ቆዳውን እየበሳ ሲወጣ ሲገባ፣ እኔ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆስኩ ተረት እጠብቅ ነበር። እናቴ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። የሄደችው ገና ድክ ድክ ስል ስለሆነ፣ የእኛም ሰፈር ኔትወርክ ምስል ስለማይችል፣ የማውቀው ድምፅዋን ነው።

አባባ ደጋግመው የሚነግሩኝ የአንዲት በቅሎ ተረት ነበር።

«እንስሳ ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን አንድ ነጋዴ አንዲት በቅሎ ነበረችው። በጣም ይወዳታል። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ‹እንዴት ነሽ?› ይላታል፤ እርሷም ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› ትለዋለች። ከኮርቻው ሥር ግን ጀርባዋ ተገጥቦ ኖሯል። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ሰፋ። አንድ ቀን የአባይን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ነጋዴው ኮርቻውን ፈትቶ ጀርባዋን ሲያየው አለቀሰ። ‹ስጠይቅሽ አልነበረም ወይ? ለምን አልነገርሽኝም?› አላት። ‹ጌታዬ፣ ጀርባዬ ላይ ተቀምጠህ ነዋ የምትጠይቀኝ። አንድ ቀን ወርደህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር› አለችው።»

«ዳነች?» እላለሁ።

«ተረቱ እስከዚህ ነው።»

«በአላህ፣ ዳነች በሉኝ!»

«አንቺ ደግሞ ያገሩ በቅሎ ሁሉ ካልዳነ እንቅልፍ አይወስድሽም» እያሉ ይስቁብኛል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሳይሸሽጉ ስለ መናገር የሚያገለግሉ ቃላት አስተማረን፤ ፍራንክሊ፣ ኦነስትሊ፣ ኦፕንሊ። እየተነሳን በዓረፍተ ነገር እንድናስገባቸው አዘዘን። የእኔ ተራ ሲደርስ ቆምኩ፤ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ልጆቹ ሳቁ፤ ተቀመጥኩ። ማታ ቃላቱን ለአባባ ነገርኳቸው።

«ሁሉም ሳይደብቁ መናገር ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«አዎ፤ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ።»

«ለአንድ ነገር ይህን ሁሉ ስም ካወጡለት፣ ፈረንጆቹም እንደኛ መሸሻሸግ የሚያበዙ ቢሆኑ ነው» ብለው ሳቁና፣ የእኛን መቁጠር ጀመሩ፤ በግልጽ፣ ፊት ለፊት፣ እቅጩን። ከዚያ ወስፌያቸውን ቀሰር አድርገው «እስኪ ያንቺን አስገቢው» አሉኝ።

«ፍራንክሊ፣ ሻይዎ ቀዝቅዟል።»

«ይኸው! አልችልም ያልሽው ይህንን ነው?» አሉኝ። ክፍል ውስጥ እምቢ ያለኝ ድምፅ እርሳቸው ዘንድ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አባባ አረፉ። የጀመሩት ኮርቻ ወስፌው እንደተሰካበት ቀረ። ለቅሶው ሳያልቅ አጎቴ ሰይድ ሁላችንንም ሰብስቦ «ለእህቴ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። «ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ማን ይይዛታል?» አለ አጎቴ። እውነቱን ነበር።

እናቴ የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ስልኩም እኔ ጋ ነው የሚውለው።

«አባቴስ?» ትለኛለች።

«መስጊድ ናቸው።»

በሚቀጥለው ዓርብ፣ «አባቴስ?»

«ተኝተዋል።»

«እንቅልፍ አበዙሳ!» ብላ ትስቃለች። እኔም «አንቺስ አፊያ ነሽ?» እላታለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ «ብርዱ ይጎዳቸዋል፣ ለአባቴ ወፍራም ጋቢ ግዙላቸው» አለች። ጋቢው ተገዛ። ማንም ሊለብሰው ስላልደፈረ፣ አብራን የምትኖረው አክስቴ አጣጥፋ ያላለቀው ኮርቻ ላይ አስቀመጠችው። ጋቢውን ኮርቻው ላይ ሳይ ተረቱ ትዝ አለኝ። ቤታችን የለበሰው ቆርቆሮ፣ የአጎቴ መድኃኒት፣ የእኔ ጫማ፣ ሁሉም እናቴ ከምትልከው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እንዴት ነሽ ስንላት ጀርባዋ ላይ ተቀምጠን ነበር።

አምና እናቴ መጣች። ከደሴ አውቶቡስ ስትወርድ አጎቴ ተቀብሎ፣ እንደ ወጉ ጎረቤት ቤት አሳደራት። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። አንደኛው «ልጄ፣ አብሽሪ፤ አባትሽ ወደ አኼራ ሄደዋል» አሏት። መሬት ላይ ወደቀች። ያለቀሰችው ልቅሶ የእውነት ነበር፤ ደግፈው የያዟትም ከልባቸው ነበር። በኋላ አጎቴ ዓይኑን እየጠረገ «እንኳን አልነገርናት! እዚያ ሰምታ ቢሆን አትተርፍም ነበር» ሲል ሴቶቹ ሁሉ «እውነት ነው» አሉ። እናቴ በነጠላዋ ሥር እጄን ጭብጥ አደረገችው። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ የበቅሎዋ ግን አልለቀቀኝም። ለማንም ያልነገርኩትም ከእርሱ የመጣ ነው።

እናቴ ከመምጣቷ በፊት ነው፤ ጋቢው በተገዛ ማግስት ዓርብ ነበር። ወንዶቹ ጁምዓ፣ አክስቴ ወፍጮ ቤት ሄደው ብቻዬን ነበርኩ።

«አባቴ ጋቢውን ለበሱት?» አለች።

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ክፍል ውስጥ እንደዚያን ቀን ድምፅ እምቢ አለኝ። የተሰካውን ወስፌ አየሁት።

«እማዬ፣ አባባ የሉም።»

«መቼ?» አለች።

«ክረምት ሊገባ ሲል።»

«ከዲዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ስልኩን አትዝጊብኝ። እዚህ የሚይዘኝ ሰው የለም፤ አንቺ ያዥኝ።»

አለቀሰች። ስልኩ ጆሮዬን እስኪያቃጥለው ያዝኩት። ሲበርድላት «ለአጎትሽ እንዳትነግሪው። የሸሸጉኝ ለእኔ ብለው ነው። ስመጣ እንደ ወጉ መርዶውን ይንገሩኝ» አለች።

ልትዘጋው ስትል «አንቺስ እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«አልሐምዱ…» ብላ ጀመረችና አቆመች።

«ጊዜ አለሽ?» አለችኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አለኝ» አልኳት።