ትራምፔት መንፋት ያቆሙት መምህር

ከአገሬ ርቄ፣ ዱርንፎንቴን በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ እሸጣለሁ። አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ስልኬን ስመለከት፣ ልጅ ሳለሁ ድምፁን ስሰማ ያደግኩት ኩባዊ ዘፋኝ በስተርጅና ማረፉን አነበብኩ። በአካል አይቼው አላውቅም። ቢሆንም የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከጎኔ የጅምላ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ፊቴን አይቶ ዘመድ የሞተብኝ መሰለውና «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፤ ማን ነው?» አለኝ። ዘፋኝ ነው ማለት አፍሬ የሩቅ ዘመድ ነው አልኩት።

ነገሩን ማስረዳት ረጅም ነበር። አባቴ ኦጋዴን ላይ ሲሰዋ፣ መንግሥት እንደኔ ያሉትን የወታደር ልጆች ሰብስቦ ኩባ ላከን። ያደግኩት ከኩባ ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ ላይ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ብርቱካን እንለቅማለን። በአካባቢያችን በነበሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆች ይማሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መታገሥ አልቻልኩምና የሟቹን ዘፈን በስልኬ ከፈትኩት። ከኮሪደሩ ማዶ ልብስ የሚሰፋ ሞዛምቢካዊ ጎረቤት አለኝ። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሰላም ከመባባል በቀር አውርተን አናውቅም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ የሱቄ በር ላይ ቆመ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በስፓኒሽ «ይህን ከየት አወቅሽው?» አለኝ።

እኔም በስፓኒሽ መለስኩለት። ቋንቋው ከአፌ ከራቀ ብዙ ዘመን ስለሆነው መጀመሪያ ተንተባተብኩ፤ ቆይቶ ግን ቃላቱ ተከታትለው መጡ። እሱም እዚያው ደሴት ላይ፣ ከእኛ ማዶ በነበረው ትምህርት ቤት እንዳደገ ነገረኝ። ቀጥለን ስለ አስተማሪዎቻችን ስንጠያየቅ፣ ሁለታችንንም ሙዚቃ ያስተማሩን አንድ ሰው ሆነው ተገኙ።

እኚህ መምህር ዕድሜያቸውን በዋና ከተማው ባንዶች ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። የፊት ጥርሶቻቸው ሲወልቁ መንፋት ስላቃታቸው ወደ ደሴቲቱ መጥተው፣ በብስክሌት ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ የእኛን ብጤ ልጆች ያስተምሩ ጀመር። የታወቀ ሙዚቀኛ በሞተ ቁጥር ትምህርቱን አቁመው ስለ ሰውየው ያወሩልናል። አንዱ ነጎድጓድ ይፈራ እንደነበር፣ አንዷ ዘፋኝ ጫማዋን በገዛ እጇ ሳትወለውል መድረክ እንደማትወጣ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ዘፈኑን የሚያሰሙን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር።

ኩባ በደረስኩበት ዓመት መጨፈር እምቢ ብዬ ነበር። እናቴ አገር ቤት ጥቁር ለብሳ ሳለች እኔ ወገቤን ባወዛውዝ ነውር መሰለኝ። ሌሎቹ አስተማሪዎች አኩራፊ ናት ብለው ተዉኝ። እሳቸው ግን ምክንያቴን ጠየቁኝና በተሰባበረ ስፓኒሽ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሁለት አጫጭር እንጨቶች መዳፌ ላይ አኖሩ።

«አትጨፍሪ» አሉኝ። «አንቺ ምቱን ያዢልን። ምቱን የሚይዝ ከሌለ እነዚህም መጨፈር አይችሉም።»

ያን ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ቆሜ እንጨቶቹን ሳጋጭ ከረምኩ። የአባቴ ሐዘን የወጣልኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ልብስ ሰፊው ከደሴቲቱ የቀድሞ ተማሪዎች ጋር በስልክ ይገናኝ ስለነበር፣ መምህራችን ያሉበትን እንዲያፈላልጉልን ጠየቃቸው። ከሳምንታት በኋላ አንዲት አንጎላዊት የቀድሞ ተማሪ የመምህራችንን ሴት ልጅ አገኘቻት። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው በድምፅ የላከችልንን መልእክት ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለን አብረን አዳመጥነው። አባቷ በመጨረሻ ላይ ብዙ ነገር ይጠፋባቸው፣ አንዳንዴ እሷንም ይረሷት ነበር። ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ይውላሉ። ሲመሽ ደግሞ ወደ በሩ እያዩ «ልጆቹ ከብርቱካን እርሻው ገቡ?» ይላሉ። እሷም ገብተዋል ትላቸው ነበር።

ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ መልእክቱን ደግሜ ከፈትኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄን ከፈትኩ፤ ለገበያ ሳይሆን ለእሳቸው ለቅሶ ነው። ልብስ ሰፊው ከሚስቱ ጋር መጣ። የስልጤው ጎረቤቴም ቴምር ይዞ መጥቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኩት፤ ያን ጠዋት ያለቀስኩት ለአንድ ዘፋኝ ነበር፣ እኚህም ዘመዴ አይደሉም፣ ሙዚቃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው አልኩት። ቴምሩን አደለና «ልጅን ከሐዘን ያወጣ ሰው ዘመድ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?» አለኝ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ስለ ሟቹ ይጠይቀን ጀመር፤ ምን ይወዱ እንደነበር፣ ቁጡ ነበሩ ወይ፣ ስንት ልጅ እንደተዉ። ለመጨረሻው ጥያቄ ልብስ ሰፊው «ተርጉሚልኝ» ብሎኝ በስፓኒሽ፣ አንዲት የወለዷት እንዳለች፣ ሌሎቹን ግን ቆጥሮ የሚዘልቅ እንደሌለ መለሰ።

አሁን ልብስ ሰፊው ቴምቢሳ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ተዛውሮ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ከእነዚያ ከድሮዎቹ ዘፋኞች አንዱ ሲሞት ይደውልልኛል። ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ የሚዘፍነው ሟቹ ነው።

በዚህ ክረምት እንደዚያው አንድ አሮጌ ዘፈን ከፍቼ ሳለ አንዲት ጎጎ ብርድ ልብስ ልትመርጥ ገባች። እዚህ አሮጊቶችን የምንጠራው እንዲያ ነው። የያዘችውን ብርድ ልብስ ለቀቀችና ዜማውን በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ጀመር። ባሏ በወጣትነቱ በሰፈራቸው አዳራሽ ቻቻ የሚባለውን የኩባ ጭፈራ ይደንስ እንደነበር፣ በዚህ ዘፈን ውድድር አሸንፎ እንደሚያውቅ ነገረችኝ። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደንሱበት ቃላቱ ምን እንደሚሉ ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ወንበር አቀረብኩላትና ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለስኩት። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በማውቃት ትንሽ ዙሉ እያደረግሁ መስመር በመስመር ተረጎምኩላት። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።